ሙጫው የዘገየበት ክረምት

ማርች 3፣ ሰኞ

ወንዙ ዛሬ ወደ ቦታው ተመለሰ። አውሎ ነፋሱ የቤታችንን ጣሪያ ግማሹን ወስዶታል። እማማ ራይጄሊ ግን "ኮከብ እያዩ መተኛት ከልጅነቴም እወድ ነበር" ይላሉ። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ወደ እኔ ጥግ ይሳቡና "ጠጋ በይ እንጂ፣ ምንጣፉ ያንቺ ብቻ ነው?" ይሉኛል። አማቴ ናቸው። ልጃቸው ኢላይትያ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው፤ እሳቸውና እኔ ግን እንደ ድስትና ክዳን አብረን ቀረን።

ይህን ደብተር ያገኘሁት ከኢላይትያ ሳጥን ነው። የሌላዋ ባል መሬት ትቶላት ይሞታል፤ የእኔው አስተማሪ ስለነበረ ባዶ ደብተር ትቶልኝ ሞተ። እንግዲህ ጭንቀቴን ልጻፍበት።

አዲሱ ቤተ ክርስቲያን በጁን ይመረቃል። እኛ የናሉቫ ሴቶች ለግብዣው እንስራውንና ድስቱን ሁሉ እንሠራለን ብለን በጉባኤ ፊት ቃል ሰጥተናል። ጭቃው አለ፣ አሸዋው አለ፣ እጅ አለ። የሌለው የዳኩዋ ዛፍ ሙጫ ነው። እንስራ ከእሳት ሲወጣ ትኩሱን ሙጫ ካልተቀባ ያልበዋል፤ ማታ ሞልተሽው ጠዋት ግማሹን መሬት ጠጥቶታል። በእንግዳ ሁሉ ፊት የሚያንጠባጥብ እንስራ ካቀረብን ስማችን አብሮ ይንጠባጠባል።

ሙጫው ያለው ደግሞ ከወንዙ ላይኛው ጫፍ፣ ናቱንባሌ፣ አፖሮሲ የሚባል የሻገተ ሽማግሌ ዘንድ ነው።

የሻገተ ብዬ መጻፌ ኃጢአት የለበትም። የእነሱና የእኛ መንደር ታውቩ ነን። የድሮ አባቶቻችን ከአንድ መንፈስ ስለወጡ እኛ መሰዳደብ መብታችን ነው። የእሱን ዶሮ ሳልጠይቅ አርጄ ብበላ አመስግኖኝ ይሄዳል። የሚቀየመው ሳልሰድበው የቀረሁ እንደሆነ ነው።

ማርች 8፣ ቅዳሜ

በየሳምንቱ ከላይኛው መንደር ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው ሴሚሲ ዛሬ ጀልባውን ጠግኖ መጣ። አውሎ ነፋሱ ካለፈ የመጀመሪያው ጉዞው ነው። ገና ከወንዙ መሃል ሆኖ "እትዬ ሱሉዌቲ! ስድብ ይዤልሽ መጥቻለሁ፣ ሙጫም አለበት!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ወደ ወንዙ ዳር ወጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ ጨዋታ የለንማ።

መልእክቱን እንደ ካህን ቆሞ ነው ያነበነበው፦ "ለዚያች ለጭቃ አሳማ ይህን ስጥልኝ። አውሎ ነፋሱ አንስቶ ይወስዳታል ብዬ ነበር፣ ለካ ነፋስም ክብደት ይፈራል።"

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እማማ ከቤት ውስጥ "ምን አለ? ምን አለ?" ይላሉ።

ሙጫው ግን ትንሽ ነው፤ ጥቁር፣ ቅርፊትና ጉንዳን የሞላበት። ሴሚሲን እንዲህ በለው አልኩት፦ "ይህን ከዛፍ ነው የለቀምከው ወይስ ከአሳማ በረት? ድሮ ከላይ ከጫፉ እንደ ማር የጠራውን ታመጣ ነበር። አሁን ጉልበትህ ከዳህና ከሥር የወደቀ ትለቅማለህ። መውጣቱን ከፈራህ ንገረኝ፣ ቀሚሴን ልላክልህ።"

ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። ጥሩ ስድብ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የሚመልሰውን እያሰበ ሲብሰለሰል ይታየኛል።

ማርች 15፣ ቅዳሜ

ሴሚሲ አልመጣም። ወንዙ ሞልቶ ይሆናል።

ማርች 16፣ እሑድ

ወንዙ አልሞላም።

ማርች 19፣ ረቡዕ

አፖሮሲ ከዛፍ ወድቋል።

ሴሚሲ ዛሬ በማይመጣበት ቀን መጣ። ከመሃል ወንዝ አልጮኸም። ጀልባውን አስሮ፣ ቆቡን አውልቆ ቀረበኝ። አውሎ ነፋሱ ዛፉን ከሥሩ ነቅንቆት ነበር አለ፣ ገመዱ የታሰረበት ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ወረደ። ታፋው ላይ ተሰብሯል። በበር ሳንቃ ተሸክመው ወደ ሐኪም አውርደውት፣ አጥንቱን አስረውለት መልሰውታል።

"ስለ ቀሚሱ ነገርከው?" አልኩት።

"ነገርኩት።"

"ምን አለ?"

"ሳቀ። ሳቀና ገመዱን አነሣ።"

ማርች 20

ጭቃ ስረግጥ ዋልኩ። አሸዋውን አበዛሁት፣ ሁሉም ተሰነጠቀ። ደፋሁት።

ማርች 21

ሙጫው ነው የሚያስጨንቀኝ። እሱ ካልወጣ ማን ይወጣል? ምረቃው እየደረሰ ነው። ስለ ሙጫው ነው።

ቀሚሴን። ምን አለበት ዝም ብል።

ማርች 22፣ ቅዳሜ

የተጠበሰ ዓሣና ትንሿን ድስቴን ላክሁለት። ሴሚሲ "መልእክቱስ?" ብሎ ጠበቀኝ። የተኛ ሰው እንዴት ይሰደባል? ካልሰደብኩት ደግሞ የምሞት መስሏታል ይላል። "ድስቱን መልስ በለው" አልኩ። ይህ ስድብ ነው? አይደለም። ምንም አይደለም።

ማርች 29፣ ቅዳሜ

መልሱ መጣ። ሴሚሲ ራሱ ሲናገረው አፈረ። "'ለእትዬ ሱሉዌቲ። ስለ ላኩልኝ ዓሣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሙጫውን በጊዜ ባለማድረሴ ይቅርታዎን እለምናለሁ' ብሏል።"

ወንዙ ዳር ለሳቅ የወጣው ሰው ወደየቤቱ መመለስ ጀመረ።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

ይቅርታዎን! እኔን! ሃያ ዓመት የጭቃ አሳማ ሲለኝ ኖሮ ዛሬ እትዬ ሆንኩ። ሰው ጠላቱን እንኳ እንዲህ አያዋርድም። ተቀይሞኛል። ቢቀየም ልክ ነው፤ ዛፍ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

እማማ ዓሣ እየጠበሱ ነበር፤ ነገርኳቸው። "አንድ ወንድ ታውቩውን መሳደብ ሲተው" አሉ፣ "ወይ ሊሞት ነው፣ ወይ ደግሞ..."

"ወይስ ምን?"

"ዓሣው አረረ፣ አገላብጭው" አሉኝ።

ኤፕሪል 6፣ እሑድ

ልጄ ኬሌራ ከዋና ከተማው ከሱቫ መጥታ ሰነበተች። እዚያ በኮሌጁ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የምትማረው፤ ነጭ ካፖርት ለብሳ የተነሣችውን ፎቶ ይዛ መጣች። እማማ "ዳቦ ጋጋሪ ሆነሽ ነው?" አሏት።

ለጎረቤት ሴቶች ሌላ ሙጫ አግኝቻለሁ አልኳቸው። በገበያ በጣሳ ይሸጣል፤ መንግሥት ኮረብታው ላይ ካስተከለው ከባሕር ማዶ ጥድ የሚንጠባጠብ ነው። ወርቅ ይመስላል፣ ሽታውም ደስ ይላል። አፖሮሲ የሚባል ሰው አያስፈልገንም አልኩ። በቁጣ ነው ያልኩት።

ኤፕሪል 9፣ ረቡዕ

ተኮስን። የኮኮናት ቅጠሉ ደርቆ ስለነበር እሳቱ አማረበት። እንስራዎቹ ፍም መስለው ሲወጡ የገበያውን ሙጫ አሸሁባቸው። አብረቀረቁ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ኮራሁ፤ እዩ፣ ያለ እሱም ይሆናል።

ኤፕሪል 10

ይጣበቃል! ሌሊቱን በርዶ እንኳ አልደረቀም። አንዱ እንስራ ላይ የዶሮ ላባ፣ አንዱ ላይ ቅጠል፣ አንዱ ላይ የራሴ ጸጉር። ውሃው ጥድ ጥድ ይላል። እማማ ዞር ዞር ብለው አይተው "ዝንብ መያዣ ከሆነ ጎበዝ ነሽ፣ ጥሩ አድርገሽ ሠርተሽዋል" አሉ። ስቄ አለቀስኩ። ወይም አልቅሼ ሳቅሁ፣ የቱ እንደቀደመ አላውቅም።

ኬሌራ ከሁለቱም ሙጫ ጥቂት ጥቂት በወረቀት ጠቅልላ ወደ ሱቫ ይዛ ሄደች።

ኤፕሪል 19፣ ቅዳሜ

ኬሌራ ተመለሰች። ከመምህሯ ጋር ሆነው በአልኮል አሟሙተው፣ አሙቀው፣ አቀዝቅዘው አይተውታል።

"እማዬ፣ ሁለቱም ዛፎች ዘመድ ናቸው፤ ዳኩዋም ከጥድ ወገን ነው። ሙጫቸው ውስጥ ያለው ነገር ግን ይለያያል። የዳኩዋው ሲሞቅና ሲያረጅ እጅ ለእጅ ይያያዛል፤ አንድ ላይ ሆኖ ይጠነክራል። የጥዱ አይያያዝም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚቆመው። ትንሽ ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል።"

እማማ "እንደ ሰው ነዋ" አሉ።

"ደግሞ የሚገርመው" አለች ኬሌራ፣ "ዛፉ ይህን የሚሠራው ለእኛ ብሎ አይደለም። ለቁስሉ ነው። ሲቆረጥ ያፈስሰውና ቁስሉን ይደፍንበታል፣ ሻጋታና ነቀዝ እንዳይገባ። መምህሬ ቀለም ይሆናል፣ ቫርኒሽ ይሆናል፣ ሻጋታ የሚገድለውን ነገር ለይተን እናውጣ እያለ ነው።"

እኔ የሰማሁት ቁስል የሚለውን ብቻ ነው። ኬሌራ አየችኝና "እማዬ፣ ለምን ሄደሽ አታይውም?" አለችኝ።

"ሙጫውን?"

"እሺ፣ ሙጫውን" አለች። እንዴት ያለ ፈገግታ ነው ይሄ? ሱቫ ልጅ ያበላሻል።

ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ

ከነገ ወዲያ ከሴሚሲ ጋር እሄዳለሁ። እማማ ሰሞኑን ጠባያቸው ተለውጧል። የተረፈውን ጣሪያ ራሳቸው ሊጠግኑ መሰላል ላይ ሲወጡ ደረስኩባቸው። "ለብቻዬ መሥራት ልልመድ ብዬ ነው" አሉ። ለምን ለብቻቸው? ማታ እግራቸውን ሳሽላቸው ደግሞ "የላይኛው አገር ብርድ ይስማማሻል?" አሉኝ።

"ለሁለት ቀን ምን ያደርገኛል?"

"ለሁለት ቀን ምንም አያደርግም" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እርጅና ነው መሰለኝ።

ኤፕሪል 30፣ ረቡዕ

ተመልሻለሁ። እጄ በቁፋሮ ተላልጦ ብዕር መያዝ አቅቶታል።

በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነው ያገኘሁት፤ እግሩ በእንጨት ታስሮ ተዘርግቷል። ከስቷል። ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ። የላጨውም ሰው ያስጠላል፤ ጉንጩ ላይ ቆርጦታል።

መንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁትን ስድብ ወረወርኩ። "እንዲህ ነው እንዴ የምትወርደው? ኮኮናት እንኳ ሲወድቅ ካንተ ያምራል!" አልኩ።

መሬት መሬት እያየ "እውነትዎን ነው። ይቀመጡ፣ ደክሞዎታል" አለኝ። ምንጣፍ አስነጠፈልኝ። ጎደሬና ዓሣ አቀረቡልኝ። ቤተ ዘመዱ ሁሉ ዝም ብሎ ያየኛል፤ ቄስ የመጣ ይመስላል።

"ይቅር በለኝ" አልኩት። በሰው ፊት። "ያን መልእክት ባልልክ ኖሮ..."

"እርስዎ አይደሉም የጣሉኝ፣ ቅርንጫፉ ነው" አለ። "እኔ የወጣሁት ወድጄ ነው። የጠራውን ሙጫ ስልክልዎ ሴሚሲ እንዴት እንደሚሥቁ መጥቶ ይነግረኝ ነበር።" ከዚያ ጆሮው ቀላ፣ ንግግሩንም ወደ ዝናቡ አዞረው።

ሙጫውን ጠየቅሁት። መውጣት አያስፈልግም አለኝ፤ ድሮ አባቱ ሳይወለድ የወደቀ ዳኩዋ አለ፣ ግንዱ ከበሰበሰ ቆይቷል፣ ሙጫው ግን ሥሩ በነበረበት አፈር ውስጥ ተቀብሮ አለ። በከዘራው መሬቱ ላይ ሥዕል ሠርቶ አሳየኝ። ብቻዬን ሄጄ ቆፈርኩ። ጡጫ ጡጫ የሚያህል ወጣ፤ ከላዩ አመድ መስሎ፣ ስትሰብሪው ውስጡ እንደ ሻይ የጠራ።

ስመለስ በወደቀበት ዛፍ ሥር አለፍኩ። ቅርንጫፉ ከተገነጠለበት ላይ ሙጫው እንደ ነጭ ሻማ ወርዶ ቁስሉን ከድኖታል። የተረፈው እስከ ታች ፈስሶ በእጄ ይደረሳል፤ ከዚያኛው ግን አልነካሁም።

ቅርጫቱን አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። ከልቤ ጠበቅሁ። ይሄማ የፍየል በጠጥ ነው ይበለኝ፣ አንቺ ቆፍረሽው ሸተተ ይበለኝ። "እጅዎ ይባረክ" አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጀልባው ላይ አለቀስኩ። ሴሚሲ አላየሁም ለማለት እስከ ናሉቫ ድረስ መዝሙር ሲዘምር መጣ፤ ድምፁ ደግሞ አስቀያሚ ነው።

ናፍቆኛል። ይኸው ጻፍኩት። አጠገቡ ተቀምጬ ናፈቀኝ።

ሜይ 14፣ ረቡዕ

እንደገና ተኮስን። ትኩሱን እንስራ በዱላ ከፍም አውጥቼ ያን ያረጀ ሙጫ ሳስነካው ይንጫጫል፣ ይቀልጣል፣ ይሮጣል፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ከዚያ እንደ ቆዳ ይይዛል። እማማ በጥፍራቸው መቱት። ጮኸ። "ይሄ ሙጫ ነው" አሉ። ሌሊቱን ውሃ ሞልቼ አሳደርኩት። ጠዋት ከታች በእጄ ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው።

መደሰት ነበረብኝ። ምን እንደጎደለኝ እንጃ። ሙጫው ተገኝቷል።

ሜይ 24፣ ቅዳሜ

ሴሚሲ መጣ። "ከላይ መልእክት አለ?" አልኩት። "ደህና ነዎት ወይ ብሏል።" "ሌላስ?" "እማማስ ደህና ናቸው ወይ ብሏል።"

ስለ እማማ ምን አገባው?

ጁን 8፣ እሑድ

ተመረቀ። የመጣው ሰው ሁሉ ከእንስራችን ጠጣ፣ አንድ ጠብታ አላላበውም። አንዲት የሱቫ እመቤት የእንስራውን ሆድ በመዳፏ ዳብሳ "ምን ቀብታችሁት ነው?" አለች። ኬሌራ ስለ ሞለኪውል ልታስረዳት ጀመረች፤ እማማ ቀደሟትና "እንባ ነው" አሏት። ሴትዮዋ ደነገጠች።

ከናቱንባሌ ሰዎች መጥተው ነበር። እሱ አልመጣም። እግሩ ነው።

ጁን 21፣ ቅዳሜ

በሥርዓት መጻፌን እንጃ።

ጭቃ እየረገጥኩ ነበር። የሴሚሲ ጀልባ ሲመጣ አልሄድኩም፣ ምን ልሰማ? ከዚያ ወንዙ ዳር የነበሩት ሴቶች ጫጫታ በአንዴ ጠፋ። ቀና ስል ሦስት የናቱንባሌ ሽማግሌዎች የክት ልብሳቸውን ለብሰው ሽቅብ እየወጡ ነው። ከኋላቸው አፖሮሲ በምርኩዝ፤ ሴሚሲ ደግሞ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ ሣጥንና መጥረቢያ ተሸክሞለታል።

እማማ ቤት ገብተው ተቀመጡ። እኔም እግሬን ሳልታጠብ በር ላይ ተቀመጥኩ። ታላቁ ሽማግሌ ትልቅ ነገር ሲለመን የሚቀርበውን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ከነገመዱ በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ። የቤቱ ወንድ ስለሌለ ለእማማ ነው ያቀረበው። "ይህ ጥርስ" አለ፣ "የኢላይትያን መበለት ለወንድማችን ለአፖሮሲ ለመጠየቅ ነው። ሊጠይቅ ስላሰበ ሦስት ወር ሙሉ አፉን ሰብስቦ፣ እንደሚያገባ ሰው በአክብሮት ሲናገራት ቆይቷል። እንዴት እንደቻለው እኛም ገርሞናል።"

እኔ የት ልግባ።

እማማ ጥርሱን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ እንዲህ አሉ፣ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦

"ልጄ ኢላይትያ ደግ ነበር። እጁን አንስቶባት አያውቅም፣ አስርቧትም አያውቅም። ሳቅ ግን አያውቅበትም ነበር፤ ከአባቱ የወረሰው ነው። ይህች ልጅ ቤቴ ከገባች ጀምሮ የምትስቀው ቅዳሜ፣ ጀልባው ሲመጣ ነው። ሳቋን እንደ ጨው ከሩቅ ነበር የምታስመጣው። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ሆኜ እሰማት ነበር። ዘንድሮ ቅዳሜው ሁሉ ዝም ሲል ለእኔም ጨለመብኝ። ጥርሱን ተቀብያለሁ። ውሰዷት። ብርድ አትወድም፣ ምንጣፍ ደርቡላት።"

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ።

"እማማ፣ እኛ ልንወስዳት አልመጣንም" አለ። "ጭቃው ያለው እዚህ ነው፣ እዚያ ወስደን ምን ልናሠራት? ይህ ሰውዬ ከእንግዲህ ዛፍ አይወጣም። ወንድ ልጅ ሚስቱ ቤት ገባ ተብሎ እንደሚሳቅበት ነግረነዋል፤ ይሳቁ ብሏል። ምንጣፉን ይዞ የመጣው ወዴት ይመስልዎታል?"

እማማ ምንጣፉን አዩ፣ እግሩን አዩ፣ እኔን አዩኝ። "ታዲያ ይህን ቀድማችሁ አትናገሩም?" ብለው ጮኹ። "ልቤን ሰንጥቃችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ!" ከዚያ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ውጭ ያሉት ሴቶች ጩኸቱን ለቀቁት፤ ሲሰድቡት፣ ሲያጨበጭቡ፣ "አማች መጣልን፣ አንካሳ አማች!" ሲሉ መንደሩ ተናወጠ።

አፖሮሲ ምርኩዙን ይዞ እንደቆመ ወደ እኔ አየ። የምለውን ይጠብቃል። ሃያ ዓመት ስድብ አልቆብኝ አያውቅም።

ምንጣፉን ከሴሚሲ ተቀብዬ ወደ ቤት አስገባሁና እሳቱን ልየው ብዬ ወጣሁ። ዛሬ እሳት አላነደድኩም ነበር።